የሰባቱ ወንድማማቾች ድንኳን

የእድር ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። ብረቱ ከመጋዘን ይወጣል፣ ሸራው ይዘረጋል፤ አንዱ «ሳብ!» ሲል ሌላው «ላላ አድርግ!» ይላል። ከሚራወጡት ጎረምሶች መሃል ገመዱ በየት በኩል እንደሚታሰር የሚያውቅ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ አይጠፋም። ጥቂት ከተጯጯሁ በኋላ መቶ ሰው የሚያስቀምጥ ቤት ቆሞ ታገኙታላችሁ።

አሁን ይህንኑ ድንኳን አሥር ሺህ ሰው እንዲይዝ አድርጋችሁ አስቡት። ደግሞም የሚተከለው በየቀኑ ነው። ጠዋት ይቆማል፣ ማታ ይነቀላል፣ ሌሊት በባቡር ተጭኖ ያድርና በማግስቱ ሌላ ከተማ ላይ እንደገና ይቆማል። ብርዱ ለቀቅ ካለበት ጊዜ አንስቶ በረዶ መጣል እስኪጀምር ድረስ፣ ከእሑድ በቀር፣ ኑሮው ይኸው ነው።

ሰርከስን ሁላችንም በግማሽ እናውቀዋለን። ዝሆኑን፣ የእሳት ቀለበቱን፣ ቀይ አፍንጫ የለጠፈውን አስቂኝ፣ ገመድ ላይ የምትራመደዋን ልጅ በፊልም አይተናል። «ሪንግሊንግ ብራዘርስ» የሚለው ስምም ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ስሙ ግን የማስታወቂያ ፈጠራ አልነበረም። የአንድ ቤት ልጆች መጠሪያ ነበር። ሰባት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ሰባቱም በአንድ የገንዘብ ሳጥን ይኖሩ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባዶ ሜዳ፣ ንጋት ላይ

ጊዜው 1920ዎቹ ነው እንበል። ቦታው ደግሞ ከአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ከተሞች አንዷ። ሰርከሱ በአራት ባቡር ተከፍሎ፣ መቶ ገደማ ፉርጎ ጎትቶ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኛ ይዞ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሯል። የከተማው ልጆች ከመኝታቸው ሾልከው ጣቢያው ላይ ተኮልኩለዋል።

ከሁሉ ቀድሞ ሜዳውን የሚረግጠው አንድ ሰው ነው። በእጁ መለኪያና ጫፋቸው ላይ ባለቀለም ጨርቅ የታሰረባቸው ቀጫጭን ብረቶች ይዟል። ሜዳውን በዓይኑ ይለካል። የቱ ጋ ይዘቅዝቃል? ዝናብ ቢመጣ ውኃው ወዴት ይወርዳል? ሕዝቡ በየት ይገባል? ከዚያ ብረቶቹን እየሰካ ያልፋል። ይህ ቀለም ለዋናው ድንኳን፣ ያኛው ለፈረሶቹ፣ ሌላው ለማዕድ ቤት። እሱ ያሳሳተውን ቀኑን ሙሉ የሚያርመው የለም፤ በአንድ ከተማ ያላቸው ቀን አንድ ብቻ ነውና።

ቀጥሎ መዶሻዎቹ ይመጣሉ። ስድስት ሰባት ሰው አንድን ካስማ ከብቦ ይቆምና መዶሻውን በተራ ያሳርፋል። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሁለት ዘነዘና ሲያፈራርቁ ያያችሁ እንደሆነ ነገሩ እንደዚያ ነው። ልዩነቱ ዘነዘናው ሰባት መሆኑና አንዱ ምቱን ቢስት የጎረቤቱ እጅ መሰበሩ ነው። ካስማው መሬት ውስጥ ሲሰምጥ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ካስማው በመቶዎች የሚቆጠር ነው።

ምሰሶዎቹን የሚያቆሙትና ሸራውን የሚስቡት ዝሆኖች ናቸው። በሰርከሱ ቋንቋ ዝሆን ሁሉ «ኮርማ» ይባላል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል እንስት ሆነው ሳለ። ለምን ብሎ የጠየቀ አዲስ ሠራተኛ ይሳቅበት ነበር።

በዚህ ሁሉ መሃል ትልቁ ወሬ ባንዲራ ነው። ማዕድ ቤቱ ድንኳን ላይ ባንዲራ ከተሰቀለ ምግብ ደርሷል ማለት ነው። ሲወርድ ያልደረሰ ጦሙን ይውላል። ያ ወጥ ቤት ቁርስ፣ ምሳና እራት ለሺህ ሰው በሜዳ ላይ እያበሰለ በየቀኑ ይሰደዳል።

ማታ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ተመልካቹ የምሽቱን ትርዒት አፉን ከፍቶ ሲያይ ማዕድ ቤቱ ተነቅሎ ባቡር ላይ ወጥቷል። አንበሶቹን ቀን ያየበት ድንኳንም ከጀርባው እየፈረሰ ነው። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ዞር ሲል ከገባበት ከተማ ግማሹ የለም። ጋሪዎቹ ጠፍጣፋ ፉርጎዎቹ ላይ የሚጫኑት ከባቡሩ ጭራ በኩል ነው። መወጣጫ ይደገፋል፣ በፉርጎና በፉርጎ መሃል ብረት ድልድይ ይነጠፋል፣ ጋሪው ባቡሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድበታል።

> የተሸጠው ትርዒት ይሁን እንጂ ዋናው ሙያ ማጓጓዝ ነበር።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ባርነም ኤንድ ቤይሊ የተባለው ተፎካካሪ ሰርከስ አውሮፓን ሲዞር የጀርመን ጦር መኮንኖች ማስታወሻ ደብተር ይዘው ይከታተሉት ነበር። ያስደነቃቸው የገመድ ላይ ጨዋታው አልነበረም። ያን ያህል ሰው፣ ፈረስና ዕቃ በአንድ ሌሊት ማንሳትና ማሳረፍ እንዴት እንደሚቻል ሊማሩ ነበር የመጡት።

የልጓም ሠሪው ልጆች

አባትየው አውጉስት ከጀርመን የተሰደደ ባለሙያ ነበር። ለጋሪ ፈረሶች ልጓምና ማሰሪያ ከቆዳ ይሠራል። ሙያው አላከበረውም። ባለቤቱን ሰሎሜንና ልጆቹን ይዞ በአዮዋና በዊስኮንሰን ከከተማ ከተማ ተንከራትቷል። ሰባት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አሳድገዋል።

ቤተሰቡ ማክግሬገር በምትባል የሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከተማ ሲኖር በ1870 አንድ ሰርከስ በጀልባ መጣ። የዳን ራይስ ሰርከስ ነበር። የአንዱ ተጫዋች የቆዳ ዕቃ ተበጥሶ ኖሮ አባትየው ጠገነለት። ዋጋውን በነፃ መግቢያ ተቀበለ። ልጆቹ በአባታቸው መርፌና ክር የተገዛውን ትርዒት አይተው ተመለሱ፤ በማግስቱም የራሳቸውን በጓሮ ጀመሩ። መግቢያው አንድ ሳንቲም ነበር።

ታላቁ፣ አል የሚሉት፣ በእውነት ተሰጥኦ ነበረው። የእርሻ ማረሻ አንስቶ በአገጩ ላይ ያቆም ነበር። ገበሬዎች ባሉበት አገር ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አይገኝም፤ የማረሻን ክብደት የማያውቅ ተመልካች የለምና። በ1882 አምስቱ ወንድማማቾች በሙዚቃና በቀልድ ትንንሽ አዳራሾችን ማዞር ጀመሩ። ያጠራቀሟትን ይዘው በግንቦት 1884 ባራቡ በተባለችው የዊስኮንሰን ከተማ የመጀመሪያውን ድንኳን ተከሉ። ያንኪ ሮቢንሰን የሚባል በዕድሜ የገፋ የሰርከስ ሰው ስሙን አበደራቸው። ሽማግሌው በዚያው ዓመት ሞተ። ስማቸው ከዚያ በኋላ ለብቻው ቆመ።

መጀመሪያ በጋሪ ነበር የሚጓዙት። በ1888 ዝሆን ገዙ፤ በ1890 ወደ ባቡር ተሸጋገሩ። የአል ሚስት ሉ እባብ እያስጨፈረች፣ ፈረስ እየጋለበች፣ ማታ ደግሞ የተጫዋቾቹን ልብስ ትሰፋ ነበር። ጋሪዎቹን የሚሠሩላቸው በእናታቸው በኩል የአክስት ልጆች ነበሩ። ሌሎች የአክስት ልጆች ደግሞ እዚያው ባራቡ ውስጥ የራሳቸውን ሰርከስ አቋቁመው ነበር። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ዘር፣ ሁለት ሰርከስ!

ያልተፈረመው ውል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እነዚህ ወንድማማቾች የሽርክና ውል አልነበራቸውም። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ አንዱ ቢሞት ወይም ቢጣሉ ምን እንደሚሆን የሚል ወረቀት አልፈረሙም። ትርፍ ይካፈላሉ፣ ከባድ ነገር ሲመጣ ተሰብስበው ይነጋገራሉ፣ በቃ። ንግዱ በሚሊዮን ከተቆጠረ በኋላም ይኸው ነበር።

ያቆያቸው ሥራ መከፋፈላቸው ይመስለኛል። አል ትርዒቱን ይመራል። ኦቶ ገንዘቡን ይይዛል፤ ቆንቋና ነው ይሉት ነበር። አልፍ ቲ. ማስታወቂያውን ይጽፋል፤ ቻርልስ የዕለት ሥራውን ያንቀሳቅሳል። ጆን የባቡር መስመሩንና የሚኬድባቸውን ከተሞች በቃሉ ያውቃል። ዘግይተው የገቡት ጋስና ሄንሪ ደግሞ አንዱ ቀድሞ በሚሄደው የማስታወቂያ ፉርጎ፣ ሌላው በመግቢያው በር ላይ ነበሩ። አንዱ የሌላውን ሥራ ለመንካት እጁ አይሰነዘርም። ሰባት ወንድማማች በአንድ ቤት ሲኖር የሚያጣላው የሥራ ብዛት አይደለም፤ ሥራው የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ተዘዋዋሪ ትርዒቶች ከቲኬት ይልቅ ከማጭበርበር ያተርፉ ነበር። ቲኬት ሻጩ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ጀርባ ይቀመጥና መልስ ያጎድላል። የታክሲ ረዳት በግርግር መሃል መልስ ሲያጎድል ያውቃችሁታላችሁ፤ እሱን በሺህ አባዙት። እንዲያውም በአንዳንድ ሰርከሶች ቲኬት ሻጩ ደመወዝ መቀበሉ ቀርቶ ለቦታው ራሱ ይከፍል ነበር። ካርታ የሚያገላብጥ ቁማርተኛና ኪስ አውላቂም ከባለቤቱ ጋር ተዋውሎ አብሮ ይዞር ነበር።

ሪንግሊንጎቹ ይህን ከለከሉ። ሌባ የሚጠብቁ መርማሪዎች ቀጥረው ይዘው ዞሩ። ተፎካካሪዎቻቸው «የሰንበት ትምህርት ቤት ሰርከስ» እያሉ አሾፉባቸው። ጽድቅ ብቻ ነበር ማለት ግን የዋህነት ነው። ያጭበረበረ ሰርከስ ዘንድሮ ያለፈባት ከተማ ለከርሞ አትቀበለውም። በየዓመቱ ሊመለስ የሚፈልግ ግን ገበሬው ልጁን ይዞ እንዲመጣ ማድረግ አለበት። የኦቶ ሂሳብ ይህን ሳያይ አይቀርም።

በ1906 ትልቁ ተፎካካሪያቸው ጄምስ ቤይሊ ሞተ። በ1907 ወንድማማቾቹ ባርነም ኤንድ ቤይሊን በ400 ሺህ ዶላር ገደማ ገዙት። ለብዙ ዓመት ሁለቱን ለየብቻ ሲያዞሩ ቆዩ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባቡርና ጉልበት ሲያሳጣቸው፣ የኅዳር በሽታ ያልነው ወረርሽኝም ሕዝብ መሰብሰብን ሲከለክል፣ በ1919 አንድ አደረጓቸው።

> «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። በዚህ ቤት የሆነው ተቃራኒው ነበር።

ከዋናው ድንኳን ጎን

የቤተሰቡን ፍቅር ያወራሁትን ያህል ከዋናው ድንኳን ጎን የነበረውን ትንሹን ድንኳን ዘልዬ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እዚያ ውስጥ የሚታዩት ሰዎች ነበሩ። እጅግ ረጅሙ፣ እጅግ አጭሩ፣ ጢም ያበቀለችው ሴት። ከአፍሪካ የመጣ ወይም መጣ የተባለ ሰው «አውሬ» ተብሎ ይታይ ነበር።

ጆርጅና ዊሊ ሙስ በቨርጂኒያ ትሩቫይን በምትባል መንደር ከእኩል አራሽ ጥቁር ቤተሰብ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። ቆዳቸውና ፀጉራቸው በተፈጥሮ የነጣ፣ አልቢኖ የሚባለው፣ ነበር። በልጅነታቸው ወደ ትርዒት ዓለም ተወሰዱ። ተሰረቁ የሚል አለ፤ መጀመሪያ በውል ሄደው ሳይመለሱ ቀሩ የሚልም አለ። ያላከራከረው ሌላው ነው። ለዓመታት ደመወዝ አልተከፈላቸውም፤ እናታችሁ ሞታለች ተብሎም ተነግሯቸዋል። በመጨረሻ ሪንግሊንግ ዘንድ ሲደርሱ ፀጉራቸው ተጎንጉኖ «የማርስ አምባሳደሮች» ተብለው ይታዩ ነበር።

እናታቸው ሃሪየት የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። በ1927 ሰርከሱ ሮአኖክ ከተማ ሲመጣ ከሕዝቡ ጋር ትኬት ቆርጣ ገባች። ልጆቿ መድረክ ላይ መሣሪያ ይጫወታሉ። አንደኛው አያትና ለወንድሙ አሳየው። ፖሊስ መጣ፤ የሰርከሱ ሰዎች ንብረታችን ናቸው አሉ፤ እሷ አልንቀሳቀስም አለች። ዘር የሚለይበት ሕግ በነገሠበት ደቡብ፣ አንዲት ጥቁር እናት የአገሪቱን ትልቁን ሰርከስ ፊት ለፊት ገጥማ ልጆቿን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። ጠበቃ ይዛም ከሰሰች። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ልጆቹ በኋላ ወደ ትርዒቱ ተመለሱ፤ አሁን ግን በደመወዝና በተፈረመ ውል። ገንዘቡ ወደ ቤት ይመጣ ጀመር።

ባለቤቶቹ ያላስፈለጋቸው ወረቀት ለእነዚህኞቹ ወንድማማቾች ነፃነት ነበር። ዊሊ ሙስ በ2001 ሲሞት ዕድሜው 108 ነበር።

የመጨረሻው ወንድም

ወንድማማቾቹ ተራ በተራ አለቁ። ጋስ በ1907፣ ኦቶ በ1911፣ አል በ1916፣ ሄንሪ በ1918፣ አልፍ ቲ. በ1919፣ ቻርልስ በ1926። ጆን ብቻውን ቀረ።

ጆን የመስመር ሰው ነበር፤ የት እንደሚኬድ ያውቃል። ኦቶ ሲያቆመው ኖሮ ይሆናል፣ አሁን ግን የሚያቆመው አልነበረም። ፍሎሪዳ ሳራሶታ ላይ የቬኒስን ቤተ መንግሥቶች የሚመስል መኖሪያ በባሕሩ ዳር ሠራ። ሩበንስን የመሰሉ የአውሮፓ ሠዓሊያንን ሥራዎች እየገዛ ሙዚየም አቆመ። በ1927 ሰርከሱ በብርድ ወራት የሚከርምበትን ሰፈር ከኮኔቲከቷ ብሪጅፖርት ነቅሎ ሳራሶታ ወሰደው። ባራቡን ሰርከሱ ቀደም ብሎ በ1918 ጥሏት ሄዶ ነበር፤ ያኔ የከፋት አሁንም ሙሉ በሙሉ የወጣላት አይመስለኝም።

በ1929 የኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ዓርብ ማታን ለቦክስ ፈለገው። ጆን እምቢ አለ። አዳራሹ ቀኖቹን ለሌላ የሰርከስ ኩባንያ ሰጠ። ጆን ምን አደረገ? ተበድሮ ያንን ኩባንያ ከነሰርከሶቹ ጠቅልሎ ገዛው። ዋጋው 2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። በአሜሪካ አለ የተባለ ትልቅ ሰርከስ ሁሉ የአንድ ሰው ሆነ። ሳምንታት አልፈው የአክሲዮን ገበያው ተናደ።

ዕዳውን መክፈል አልቻለም፤ አበዳሪዎቹ ሥልጣኑን ነጠቁት። በታኅሣሥ 1936 ሲሞት በባንክ የነበረው 311 ዶላር ብቻ ነበር ይባላል። ቤቱንና ሥዕሎቹን ለፍሎሪዳ ግዛት አውርሷል። ልጅ አልነበረውም።

315፣ 315፣ 370

ከዚህ በኋላ ወረቀቱ መጣ።

ሰርከሱ 1 ሺህ አክሲዮን ያለው ኩባንያ ነበር። የቻርልስ ባለቤት የነበረችው ኢዲት 315 ያዘች። የአልፍ ቲ. ልጅ ሚስት የነበረችው ኦብሬይም 315። የእህታቸው የአይዳ ልጅ ጆን ሪንግሊንግ ኖርዝ 370 ነበረው። ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩ። ማንም ብቻውን አያሸንፍም፤ ሁለቱ ከተባበሩ ግን ሦስተኛው ከጨዋታ ይወጣል።

በ1941 ሁለቱ ሴቶች ውል ጻፉ። ድምፃችንን ሁልጊዜ አንድ ላይ እንሰጣለን፤ ካልተስማማን የመረጥነው ጠበቃ ይወስናል፤ እሱ ያለውንም እንፈጽማለን አሉ። ኖርዝ ተገፋ። የኢዲት ልጅ ሮበርት በ1943 ፕሬዚዳንት ሆነ። ኦብሬይ ያገባችው ጄምስ ሄይሊ ምክትሉ ነበር።

ሐምሌ 6 ቀን 1944፣ ኮኔቲከት፣ ሃርትፎርድ። የጦርነት ዘመን ነው፤ አባቶች ግንባር ናቸው፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። 7 ሺህ የሚሆን ሰው ድንኳን ውስጥ ነበር። ሸራው ዝናብ እንዳያስገባ በቤንዚን የሟሟ ሰም ተቀብቷል። በዚያን ጊዜ የተለመደ አሠራር ነበር። ገመድ ላይ የሚራመዱት ቤተሰብ ላይ ወጥተው ሳሉ በአንዱ ጎን ትንሽ እሳት ታየ። የሙዚቃ ቡድኑ መሪ ሜርል ኢቫንስ አየውና ዜማውን ቆርጦ አንድ ሰልፍ ማርሽ አስጀመረ። የሰርከስ ሰው ያንን ማርሽ ያለ ሰዓቱ ከሰማ አደጋ አለ ማለት ነው። ሠራተኛው ገባው፤ ሕዝቡ ግን አልገባውም። አውሬዎቹ የሚወጡበት የብረት መተላለፊያ ሁለት መውጫዎች ፊት ለፊት ተጋርጦ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣሪያው እየነደደ ሕዝቡ ላይ ወደቀ። ከ160 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ቀን የተነሣ ፎቶግራፍ አለ። ኤሜት ኬሊ የተባለው ዝነኛ አስቂኝ፣ የሐዘንተኛ ፊት እንደተቀባ፣ የውኃ ባልዲ ይዞ ወደ እሳቱ ይሄዳል።

ሰርከሱ ጥፋቱን ተቀብሎ ካሳውን በርካታ ዓመታት ከፈለ። እስር ቤት የገቡ ግን ነበሩ፤ አንዱ ጄምስ ሄይሊ ነው። ወራት ታስሮ በ1945 መጨረሻ ወጣ፤ ሲወጣም ሮበርት አልደረሰልኝም የሚል ቂም ይዞ ነበር። ፕሬዚዳንቱ እሱ፣ የታሰርኩት እኔ!

> ውሉን ያቃጠለው የሃርትፎርድ እሳት ነው ማለት ይቻላል።

በ1946 የባለ አክሲዮኖች ስብሰባ ሲደረግ ኢዲት ውሉ ይፈጸም አለች። ጠበቃው ድምፁ እንዴት እንደሚከፈል ወሰነ። ሄይሊ በሚስቱ ስም ሆኖ አልፈጽምም አለ፤ ድምፁንም በራሱ መንገድ ሰጠ። ጉዳዩ ዴላዌር ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1947 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሉ ሕጋዊ ነው፣ ውሉን አፍርሶ የተሰጠው ድምፅ ግን አይቆጠርም አለ። ውጤቱ አስቂኝ ነበር። ሰባት የቦርድ ወንበር፤ ሦስቱን ኢዲት፣ ሦስቱን ኖርዝ አገኙ፤ ሰባተኛው ባዶ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሄይሊዎች አክሲዮናቸውን ለኖርዝ ሸጡ። ኢዲት በፍርድ ረታች፤ ሰርከሱን ግን አጣች። ሄይሊ በኋላ ለምክር ቤት ተመርጦ ፍሎሪዳን ለሃያ ምናምን ዓመት ወክሏል።

ይህ ፍርድ አሜሪካ ውስጥ የኩባንያ ሕግ የሚማር ሁሉ የሚያነበው ነው። የሕግ መምህራን የሚወዱት ባለ አክሲዮኖች ድምፃቸውን በውል ማሰር ይችላሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ ስለሚመልስ ነው። የሰርከስ ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ደግሞ በሌላ ዓይን ያነቡታል። ለእነሱ፣ በአንድ ሳጥን ይኖር የነበረ ቤት በሁለት ትውልድ ውስጥ በዳኛ ፊት መቆሙን የሚያሳይ ወረቀት ነው። እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

ሸራው ሲወርድ

ኖርዝ ቲያትር ይወድ ነበር። በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመኑ፣ በ1942፣ ስትራቪንስኪን ሙዚቃ አስደርሶ፣ ባላንሺን ጭፈራውን አቀናብሮለት፣ ሃምሳ ዝሆን ባሌት አስጨፍሯል። ግን ዘመኑ ተለወጠ። ሰው ቤቱ ቴሌቪዥን አስገባ፤ ከተማው ሰፍቶ ለድንኳን የሚሆን ባዶ ሜዳ ጠፋ፤ የሺህ ሰው ደመወዝም እንደ ድሮው አልቻል አለ። ሐምሌ 16 ቀን 1956 ፒትስበርግ ላይ የመጨረሻው ድንኳን ወረደ። ከዚያ ወዲያ ትርዒቱ በአዳራሽ ሆነ። ካስማ የሚመቱት፣ ባለ ባንዲራው ወጥ ቤት፣ ብረት እየሰካ ሜዳውን የሚለካው ሰው፣ ሁሉም ወደየቤታቸው።

በ1967 ኖርዝ ሰርከሱን ለኧርቪን ፌልድና ለሸሪኮቹ በ8 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ሥነ ሥርዓቱ የተካሄደው ሮም፣ ኮሎሲየም ውስጥ ነው፤ የፌልድ ሰዎች ማስታወቂያ ያውቃሉ። ሪንግሊንግ የሚለው ስም ቀረ፤ ቤተሰቡ ወጣ። የሚገርመው የገዛውም ቤተሰብ መሆኑ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጆች እየተላለፈ ነው።

ዝሆኖቹ በ2016 ጡረታ ወጡ። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ለዓመታት በየአዳራሹ በር ላይ ቆመው ዝሆን በመንጠቆ እየተመታ መጫወት የለበትም ሲሉ ኖረዋል። በሰርከሱ ያደጉት ደግሞ ከዝሆኖቹ ጋር ዕድሜያችንን ገፍተናል፣ ማንም እንደ እኛ አያውቃቸውም ይላሉ። ሁለተኞቹን አዝንላቸዋለሁ፤ መንጠቆውን ግን መከላከል ይከብደኛል። ዝሆን የሌለበትን ሰርከስ ሕዝቡ እንደ በፊቱ አልገዛውም። በግንቦት 2017 ትርዒቱ ተዘጋ። በ2023 ያለ አንድ እንስሳ ተመለሰ፤ ዘለው የሚገለባበጡትና በአየር ላይ የሚወነጨፉት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ወሬ አለ። እንስሳ የሌለበትን ሰርከስ አዲስ አበባ ከጥንት ታውቀዋለች። በ1990ዎቹ ሰርከስ ኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ልጆች ከሰውነታቸው ሌላ የሚያሳዩት አልነበራቸውም። ከጂማ ተነሥተው እንግሊዝ የገቡት ቢቢና ቢቹ፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ዛሬ «ሰርከስ አቢሲኒያ» የሚባል ቡድን ይዘው ይዞራሉ። አንዱን ትርዒታቸውን «ቱሉ» ብለው ለደራርቱ ሰጥተውላታል። ውል ይፈራረሙ አይፈራረሙ አልጠየቅኳቸውም።

ባራቡ ውስጥ አል ያሠራው ቲያትር ቤት ከ1915 ጀምሮ እንደቆመ ነው። በወንዙ ዳር ያለው የድሮው የክረምት ሰፈር ከ1959 ወዲህ ሙዚየም ሆኗል። ዝሆኖቹ ይከርሙባቸው የነበሩት ቤቶች አሉ፤ በቀለም ያሸበረቁት ጋሪዎችም ተደርድረዋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ለጎብኚ ተብሎ አንድ ድንኳን ይተከላል። እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያድራል፤ ማታ የሚነቅለው የለም።